ወደ ቫኪዩም ሰብሳቢዎች ጉባኤ ስትሄዱ ካቻቢቴ አትርሱ

የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ማታ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ። ቀን እንቅልፌን ከጠገብኩ በኋላ ደግሞ አሮጌ ቫኪዩም (የምንጣፍ አቧራ የሚስበውን ማሽን) እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ቤዝመንቴ ውስጥ አሁን 11 ማሽን አለ። የቫኪዩም ሰብሳቢዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ 3 ጊዜ ተገኝቻለሁ። ይህን ለአገሬ ሰው ስነግረው መጀመሪያ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን «እንዴት ነው የሚኬደው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

አባቴ መርካቶ ውስጥ ሞተር ጠቅላይ ነበር፤ የተቃጠለ የሞተር ሽቦ አውጥቶ በአዲስ የሚጠቀልል። የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የተቃጠለ ማራገቢያ፣ የመጣለትን ሁሉ ይጠቀልላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ውስጥ እቀመጥ ነበር። ሞተር ሲመጣለት ቶሎ አይፈታውም። ያስነሳዋል። የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ያለበት ቦታ ላይ ያስደግፋል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። «መጀመሪያ ስሚው» ይለኝ ነበር። ስለ ጉባኤው የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እዚያ የሚኬደው ለመስማት ነው። ፎቶውንማ ቤታችሁ ተቀምጣችሁም ታዩታላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ የቫኪዩም ክሊነር ሰብሳቢዎች ክበብ አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ ክበብ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ ይካሄዳል። ከተማው ከዓመት ዓመት ይቀያየራል። ስለዚህ ቦታውና ቀኑ እንደተነገረ ተመዝገቡ፤ ሆቴሉንም ቶሎ ያዙ። ክፍል ስትይዙ ምድር ላይ ያለውን ጠይቁ። 10 ኪሎ የሚመዝን ብረት ይዞ ደረጃ መውጣት ወገብ ያጎብጣል።

የሚመጣው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው። ጠጋኞች አሉ። ድሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ቫኪዩም ይሸጡ የነበሩ ሽማግሌዎች አሉ። ከእናታቸው ጋር የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ገና በዳዴ ሳሉ የቫኪዩም ድምፅ ሲሰሙ ተከትለው ይሄዱ የነበሩ። ከክበቡ ቀደምት ሰዎች አንዱ ስታን ካን ነበር። ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ፎክስ ቴአትር ለብዙ ዓመታት ትልቁን ኦርጋን የተጫወተ፣ አሮጌ ቫኪዩሞችን ይዞ ቴሌቪዥን ላይ እየቀረበ ሕዝብ ያሳቀ ሰው ነው። በ2008 አረፈ። ኦርጋንና ቫኪዩም ምን አገናኛቸው እንዳትሉ። የኦርጋኑን ቧንቧዎች የሚያስጮኸው ነፋስ የሚመጣው በሞተር ከሚዞር ትልቅ ማራገቢያ ነው። ቫኪዩምም ያው ማራገቢያ ነው፤ እኛ የምንጠቀመው በሚስብበት በኩል ነው እንጂ። በድምፅ የሚኖር ሰው ቫኪዩም ቢወድ አይገርመኝም።

ለጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ይህ የባዕድ ቤት አይደለም። ጄምስ ስፓንግለር የሚባል ሰው ነበር። እዚሁ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ያጸዳ ነበር። አስም ነበረበት። ምንጣፍ በጠረገ ቁጥር አቧራው ይነሳና ያፍነዋል። በ1907 አንድ የማራገቢያ ሞተር፣ የሳሙና ሳጥን፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ አቧራ የሚስብ ማሽን ሠራ። ጁን 2 ቀን 1908 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ማሽኑን ሱዛን ሁቨር የምትባል ሴት ቤቷ ሞከረችው፣ ወደደችው። ባሏ ዊሊያም ሁቨር የፈረስ ዕቃና የቆዳ ሥራ ነበረው። መብቱን ገዛ፣ ሁቨር የሚባለው የቫኪዩም ስም ከዚያ መጣ። ማታ ማታ ምንጣፍ ላይ ሆኜ ስፓንግለርን የማላስብበት ቀን የለም። እኔም ሥራ ስጀምር የሰጡኝ ማሽን ከረጢቱ ቀዳዳ ስለነበረው ለወራት ሳስል ከርሜያለሁ። ማሽን መፈታታት የጀመርኩትም ያኔ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

አንድ ማሽን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። 5 ይዞ የሚመጣ ሰው 5ቱን ሲጠብቅ ነው ቀኑ የሚያልቅበት። የምትወስዱት ውዱን ወይም ብርቁን ሳይሆን በደንብ የምታውቁትን ይሁን። እኔ የወሰድኩት በ1970ዎቹ የተሠራ ከርቢ ነው። ያርድ ሴል ላይ (ሰው አሮጌ ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ሲሸጥ) በ15 ዶላር የገዛሁት ነው። ከርቢ የክሊቭላንድ ማሽን ነው፤ ገላው አሉሚኒየም ስለሆነ በብረት መወልወያ ካሻችሁት ፊታችሁን ያሳያችኋል። ወልውሉ እንጂ ቀለም አትቀቡ። የድሮ የጨርቅ ከረጢቱን አትጣሉ፤ ቢነታተብም አራግፉት፣ ስፉት። ሰብሳቢ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ከረጢት ስታራግፉ ውጭ ሁኑ፣ አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ። የ50 ዓመት የሰው አቧራ ነው።

አሁን ዋናው። አሮጌ ማሽን ገዝታችሁ ስትመጡ በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩ። እኔ ሰክቼ አይቻለሁ። ሁለተኛው ማሽኔ ነበር፣ በ1940ዎቹ የተሠራ። ወጥ ቤት ውስጥ ሰካሁት። ብልጭ አለ፣ የቤቱ መብራት ጠፋ፣ የጎማ ሽታ ቤቱን ሞላው። የድሮ ገመድ ውስጡ ያለው የጎማ ሽፋን ሲያረጅ ይደርቅና እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ላዩን ስታዩት ደህና ይመስላል። ውስጡ ግን ሽቦና ሽቦ ተነካክቷል።

አባቴ በስልክ የነገረኝ ዘዴ ይህ ነው። መጀመሪያ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር በጣታችሁ እጠፉት። ከተንኮሻኮሸ ወይም ከደረቀ ቀይሩት። ቀጥሎ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዙ። አንዱን ጫፍ ስፒናው እግር ላይ፣ ሌላውን ማሽኑ ብረት ላይ አድርጉ። የማሽኑ ማብሪያ በርቶ ይሁን፣ ስፒናው ግን ሶኬት ውስጥ አይሁን። ቴስተሩ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ጅረቱ ወደ ገላው እያመለጠ ነው፤ ያንን ማሽን መንካት የለባችሁም። ሦስተኛው ደረጃ አምፖሉ ነው። የድሮውን ባለ ክር 100 ዋት አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) ከማሽኑ ጋር በአንድ መስመር ታያይዙታላችሁ። ጅረቱ ወደ ማሽኑ የሚደርሰው በአምፖሉ አልፎ ነው ማለት ነው። የማሽኑን ማብሪያ አጥፍታችሁ ስትሰኩት አምፖሉ ጨለማ ሆኖ መቆየት አለበት። ከበራ ገመዱ ውስጥ ሾርት አለ። ካልበራ ማሽኑን አብሩት። አምፖሉ ይበራል፣ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል። ያን ጊዜ ትንፋሻችሁን ትለቃላችሁ። ኤሌክትሪክ የማታውቁ ከሆነ ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። በዚህ ነገር ላይ ድፍረት አያስፈልግም።

ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ብዙ አይደለም። ካቻቢቴ፣ ጠፍጣፋውም ባለ መስቀሉም። ፒንሳ። ናስትሮ። ትንሽ የእጅ ባትሪ። ለማሽናችሁ የሚሆን ሁለት አዲስ ቺንጋ፣ ምክንያቱም ቺንጋ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ሰው ፊት ነው። ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ። እኔ ዳቦ ቆሎም እይዛለሁ። ሰው ከማሽኑ ጀርባ ተቀምጦ ይውላል፤ አንድ እፍኝ ስታቀርቡለት ወሬው ይጀመራል።

እዚያ ስትደርሱ

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛና ወለሉ በማሽን ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። በ1937 የወጣው የኤሌክትሮሉክስ ሞዴል 30 አለ። ሉሬል ጊልድ የነደፈው ነው፤ ጎማ የለውም፣ እንደ በረዶ ሸርተቴ በሁለት ብረት ላይ ይንሸራተታል። በ1950ዎቹ የመጣው ሁቨር ኮንስቴሌሽን አለ፤ ድቡልቡል ነው፣ ከሥሩ በሚያወጣው የራሱ ነፋስ ላይ ተንሳፎ ይከተላችኋል። አቧራን በውሃ የሚይዘው ሬይንቦው አለ። በመጀመሪያ ሰዓት ምንም አትግዙ፣ ምንም አታብሩ። ዙሩ።

ወግ አለው ቦታው። የሰው ማሽን ሳትጠይቁ አትንኩ። «ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ብዙዎቹ ለሽያጭ አይደሉም። ጥሩው ጥያቄ «ድምፁን ልሰማው እችላለሁ?» የሚለው ነው። ይህን ስትሉ ሰውየው ፊቱ ይፈካል። ራሱ ገመዱን ይዘረጋል፣ ራሱ ይሰካል። ሲጨርስ ገመዱን ልጠቅልልልህ አትበሉት። እያንዳንዱ የራሱ አጠቃለል አለው።

በመጀመሪያው ዓመት ከአዳራሹ ጥግ 13 ዓመት የሚሆነው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ አየሁ። ከኋላው ሰዎች ተራ በተራ ማሽናቸውን ያስነሳሉ። እሱ ስሙን ይጠራል። «ሁቨር፣ የቆመው ዓይነት።» ልክ ነው። «ኤሌክትሮሉክስ፣ ከረጢቱ ሞልቷል።» ይከፍቱታል፣ ሞልቷል። ከረጢት ሲሞላ የሚያልፈው አየር ስለሚያንስ ሞተሩ ሸክም ይቀልለውና በፍጥነት ይዞራል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ልጁ ይህን በጆሮው ብቻ ያውቀዋል።

ተራዬ ደርሶ የኔን አስነሳሁ። «ከርቢ» አለ ወዲያው። ከዚያ ግን እጁን አነሳ። ዝም አልን። «የኋላው ኩሽኔታ ደርቋል» አለ። እኔ ለሁለት ዓመት በዚያ ማሽን ምንጣፌን ስጠርግ አልሰማሁትም። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። እንደ አባቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጌ አሳየሁት። ዓይኑን ጨፈነ። በጣም ረጅም ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ለእናቱ ሰጣት። ከዚያ ሰልፍ ሆነ። አንድ ጡረታ የወጡ ጠጋኝ አባት ደግሞ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሞተሩን ፈቱት፤ ከሣጥናቸው አዲስ ኩሽኔታ አውጥተው ገጠሙት። 4 ዶላር ተቀበሉኝ። ማሽኔን መልሼ ሳስነሳው ሌላ ማሽን ሆኖ ነበር። ያ ቀጭን ፉጨት የለም።

የጽዳት ውድድርም ተደርጎ ነበር። ምንጣፍ ላይ ተመዝኖ የተበተነ አሸዋ አለ፤ በተወሰነ ሰዓት ማን ብዙ ይሰበስባል ነው ነገሩ። ከረጢቱ በፊትና በኋላ ይመዘናል። ፋብሪካዎችም ማሽን ሲፈትሹ 90 በመቶ አሸዋና 10 በመቶ ታልክ የሚባል ለስላሳ ዱቄት ቀላቅለው ነው። እዚህ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ አትሩጡ። ሕዝቡ ሲጮህ እጅ ይፈጥናል። ብሩሹ ምንጣፉን መትቶ አሸዋውን ሲያስነሳ አየሩ ደግሞ ይዞት ለመሄድ ጊዜ ያስፈልገዋል። በዝግታ ወደፊት፣ ከዚያ በበለጠ ዝግታ ወደኋላ። በሥራ ቦታዬም የማደርገው ይህንኑ ነው። አዲስ ቺንጋና ባዶ ከረጢት ይኑራችሁ። እኔ 2ኛ ወጥቻለሁ።

ስትገዙ

ሰዎች ትርፍ ማሽንና መለዋወጫ የሚሸጡበትና የሚለዋወጡበት ሰዓት አለ። ብዙ ጊዜ ሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ የመኪና ኋላ ተከፍቶ። በሁለተኛው ዓመት 60 ዶላር ሰጥቼ አንድ ማሽን ገዛሁ። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» አለኝ። አመንኩት። ቤት አምጥቼ ሳስነሳው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። የማራገቢያው አንድ ክንፍ ተሰብሮ ነበር። በጣም አዘንኩ፤ ያዘንኩት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ አባቴ ያስተማረኝን ትቼ በወሬ በመግዛቴ ነው።

ስለዚህ ልዩነቱን እወቁ። አንዳንዱ ማሽን ላይ፣ እንደ ከርቢ ባሉት፣ ቆሻሻው መጀመሪያ በማራገቢያው ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ከረጢት ይገፋል። ሳንቲም ወይም ሚስማር ከገባ ክንፍ ይሰብራል። ሌላው ላይ፣ እንደ ኤሌክትሮሉክስ ባሉት፣ ቆሻሻው ከረጢት ውስጥ ይቀርና ማራገቢያው ጋ የሚደርሰው አየሩ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ስፒናው መነቀሉን አይታችሁ የፊቱን ክፍል አስወልቁ፣ ባትሪ አብርታችሁ ክንፎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ በእጃችሁ አዙሩት። ሲዞር መነካካት የለበትም። ከዚያ ካርቦኖቹን (ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ጅረት የሚያደርሱትን) ጠይቁ። ካርቦን ይገኛል፣ ርካሽ ነው። የተሰበረ ማራገቢያ ግን ለአንዳንድ ሞዴል ከማሽኑ ይወደዳል። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ያለው አሮጌ ማሽንም ዋጋውን አስቀንሱ፤ የድሮውን ቱቦ ማግኘት ከባድ ነው። ሻጩ እንድታዩት ካልፈቀደ አመስግናችሁ እለፉ።

አገር ቤት መላክ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ማሽኑ ላይ 7 አምፒር የሚል ጽሑፍ ካለ በ120 አባዙት፣ 840 ዋት ይሆናል። ሲነሳ የበለጠ ስለሚስብ 1500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ግዙ። የአሜሪካው ባለ 60፣ የኛው ባለ 50 ሄርዝ መሆኑ ግን አያሳስባችሁ። ባለ ካርቦን ሞተር ለዚያ ደንታ የለውም።

ጉባኤው ሙዚየም ባለበት አካባቢ ከሆነ አንድ ቀን ጨምሩ። ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ጄምስ ላይ የቫኪዩም ሙዚየም አለ። እዚህ ኦሃዮ ደግሞ ኖርዝ ካንተን፣ ዊሊያም ሁቨር ልጅ ሆኖ ያደገበት ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ የዋልሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከኮሎምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሁለቱም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና አሁንም ክፍት መሆናቸውንና መክፈቻ ሰዓታቸውን ጠይቁ።

የመጨረሻው ነገር ስልካችሁ ነው። የሰማችሁትን ድምፅ ቅረጹ። ስልኩን ማሽኑ ላይ አትለጥፉ፤ ድምፁ ይፈነዳል። ክንድ ያህል አርቁት። መጀመሪያ የማሽኑን ስም፣ ሞዴልና ዓመት በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ፣ አለዚያ ቤት ስትደርሱ 20 ተመሳሳይ ጩኸት ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። ሲነሳ ያለውንና ሲጠፋ ቀስ እያለ የሚቆምበትን አትቁረጡ። ኩሽኔታው የሚናገረው ያኔ ነው።

እኔ የቀረጽኩትን ለአባቴ በቴሌግራም እልካለሁ። አሁን ሱቁን ዘግቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። ጠዋት ስልክለት እዚያ አመሻሽ ነው። ባለፈው ጉባኤ 6 ድምፅ ላኩለት። ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ። «ሦስተኛዋን ድገሚልኝ፣ መጨረሻዋን አልሰማሁትም» አለ። ሦስተኛዋ የ1937ቷ ኤሌክትሮሉክስ ነበረች። ባለቤቷ አንዲት ሸበቶ እናት ናቸው። ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሼ አባቴ አዲስ አበባ ሆኖ እየሰማ እንደሆነ ነገርኳቸው። ወንበራቸውን ወደኋላ ገፋ አድርገው ተነሱ፣ ገመዱን እንደገና ዘረጉት።